ጭብጨባ የሰለቸው አጋፋሪ

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ድካም የሚመጣው በፈረቃ ነው። ንጋት ላይ የሌሊት ፈረቃውን የጨረሰ የፋብሪካ ሠራተኛ ዓይኑን እያሻሸ ይወጣል። ረፋድ ላይ ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ ዶሴ በብብቱ ሸጉጦ ከመስኮት መስኮት የሚመላለሰው ትራንዚተር ይዝላል። አመሻሽ ላይ ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭኖ የገባው ሾፌር ከጋቢናው ወርዶ ወገቡን ያፍታታል፤ የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ደግሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ቀኑን ይረግማል። ይህ ሁሉ ድካም ሲመሽ አንድ ቦታ መራገፍ አለበት። ድሮ ጠላ ቤት ይራገፍ ነበር። የጠላ ቤት ደግነቱ ሁሉም የየራሱን ድካም ይዞ ጥግ መያዙና የሌላውን እንዲሰማ አለመገደዱ ነበር። ዛሬ ግን ሠልጥነናል፤ ድካም የሚራገፈው በማይክ ነው። ቦታውም ካራኦኬ ቤት ይባላል።

የዚህን ሁሉ ሕዝብ ድካም የሚረከብ ደግሞ አንድ ሰው አለ። ኤምሲ ይሉታል፤ እኔ አጋፋሪ ብለው ይሻለኛል። ድግሱን የሚመራው፣ ተራ የሚያስጠብቀው፣ እንግዳ የሚያስተናብረው እሱ ነው። ልዩነቱ የጥንቱ አጋፋሪ የማይገባውን ሰው ከበር የመመለስ ሥልጣን ነበረው። የዛሬው ማንንም አይመልስም። በተለይ ድምፅ የሌለውን።

አልፎ አልፎ የማመሽበት ቤት ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ ሲወርዱ፣ የቀላል ባቡሩ ሐዲድ ከሚያበቃበት ብዙም ሳይርቅ፣ ከመኪና መለዋወጫ መደብር በላይ ያለ ፎቅ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እንዲህ ዓይነት ቤት አንድ ብቻ አይደለምና ሌሎቹ ይቀየማሉ። ቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ በእንክብካቤ ነው የሚኖረው። አምፕሊፋየሩ እንዳይግል ትንሽ ቬንትሌተር ተደቅኖለታል። ማይኩ በስፖንጅ ተሸፍኗል። ስፒከሩ ላይ «መጠጥ ማስቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አጋፋሪው ላይ ግን ምንም አልተለጠፈም፤ ስለዚህ የጠጣ ሁሉ ክርኑን ትከሻው ላይ ያስቀምጣል።

አንድ ቅዳሜ ማታ ማይኩ ወደ አንድ ጎልማሳ ተዘረጋ። «ኧረ እኔ ድምፅ የለኝም!» አለ። እውነቱን ነበር። ግን ማን ያምነዋል? በእኛ አገር የመጀመሪያው «አይሆንም» «ደጋግማችሁ ለምኑኝ» ማለት ነው። ጓደኞቹ «በሞቴ!» አሉት፤ እሱ «እኔ ልሙት አልችልም!» አለ፤ አጋፋሪው «እስቲ ቤቱ በጭብጨባ!» ብሎ መሐል ገባ። ሰውዬው ሁለት ሰው ጎትቶት ወጣ። ከወጣ በኋላ ግን የሚያወርደው ሰው ጠፋ። የጥላሁን ገሠሠን ዜማ መረጠ፤ ድምፅ የሌለው ሰው ሁልጊዜ የሚመርጠው ጥላሁንን ነው፣ ምክንያቱን ደርሼበት አላውቅም። ስክሪኑ ላይ ግጥሙ ቀለም እየቀየረ ሮጠ፤ ዜማው ቃሊቲ መናኸሪያ ሲደርስ ሰውዬው ገና ሳሪስ አቦ ነበር። ጥላሁን በ2001 ዓ.ም. አረፈ ብለን አልቅሰን ቀብረነዋል፤ ቅዳሜ ማታ እዚህ ቤት ለተገኘ ሰው ግን ማረፉ ያጠራጥራል።

አጋፋሪው ፊቱ ሳይለወጥ እጁን ወደ ሚክሰሩ ሰደደና ኤኮውን ጨመረ። የካራኦኬ ቤት ምሕረቱ ኤኮ ነው፤ አንዱ ድምፅ ሦስት አራት ጊዜ ሲመላለስ ስህተቱ የትኛው ላይ እንደሆነ አይለይም። ዘፈኑ ሲያልቅም ማይኩን ተቀብሎ «ዋው! ዋው! ይሄን የመሰለ ድምፅ የት ደብቀኸው ነው እስከ ዛሬ?» አለ። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ተሽኮረመመ። ከዚያም «አንድ ልድገም?» አለ።

ይህ የሙገሳ ጉዳይ የራሱ ታሪፍ አለው፤ ብዙ ካመሹ ይገባዎታል። በእውነት የሚዘፍን ሰው ሲገኝ «እናመሰግናለን» ይበቃዋል፤ ጥሩ ዘፋኝ ማጽናኛ አያስፈልገውም። መካከለኛው «በጣም ቆንጆ» ይባላል። ጎረቤት በሩን የዘጋበት፣ ውሻ ያላዘነበት ደግሞ «የወደፊቱ ኮከባችን» ተብሎ ይሸኛል። የመሥሪያ ቤት አለቃ ከሆነማ ሠራተኞቹ ቆመው ነው የሚያጨበጭቡት፤ እነሱም በዚያች ሰዓት ሥራ ላይ ናቸው። የልደት ባለቤት፣ የፍቅረኛዋን ስም በዘፈኑ መሐል እያስገባች የምትጮህ፣ ተራው ያለፈበት ያህል በየደቂቃው መጥቶ «ብሮ፣ የኔስ?» የሚል፣ ሁሉም ድርሻውን ይፈልጋል። አጋፋሪው በአንድ ሌሊት የሚያፈሰው አድናቆት ለአንድ ወረዳ የዓመት በጀት የሚበቃ ነው።

ታዲያ ሰሞኑን ይህ ሰው ታመመ ተባለ። ታመመ እንኳ አይባልም፤ ቀዘቀዘ። መጀመሪያ ያስተዋልነው አንድ እንግዳ ማይኩን ጨብጦ ገና አፉን ሳይከፍት «ዋው! ምን ዓይነት ድምፅ ነው!» ሲለው ነው። እንግዳው ተደሰተ፤ እኛ ግን ደነገጥን። ቀጥሎ ለልደት የመጣችውን ልጅ «መልካም ትንሣኤ» አላት። ከዚያ ወዲያ ማን መጣ ማን ሄደ ግድ አይሰጠው ጀመር። አንዱን ዘፋኝ በሌላው ስም ይጠራል፤ ያኛውም ይነሣና ይዘፍናል፤ ማንም አልተቀየመም። ማይክ የተሰጠው ሰው በማን ስም እንደተሰጠው አይመረምርም።

ነገሩ በዓለም የታወቀ ነው፤ በሥራ መቃጠል ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲሱ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ አስፍሮታል። በሽታ ነው ግን አላለም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት ነው አለ። ምልክቶቹንም ሦስት አደረጋቸው፦ አቅም ተሟጥጦ ማለቅ፣ ሥራውን በልብ መሸሽና መናቅ፣ የሚሠሩት ነገር ሁሉ የማይረባ መስሎ መታየት። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለዚሁ ድካም ሲጽፍ የተመለከተው ኒው ዮርክ ውስጥ በነፃ ክሊኒክ ሰው የሚረዱ በጎ ፈቃደኞችን ነበር። ራሱም ቀን በገዛ ቢሮው ሠርቶ ማታ እዚያ የሚያመሽ ሰው ነበር። የሌላውን ሸክም ተቀብሎ የራሱን የሚያራግፍበት ያጣ ሰው እንደሚቃጠል ያወቀው በራሱ ላይ ደርሶ ነው።

የቃሊቲ ሕዝብ ግን ይህን ሁሉ ማንበብ አላስፈለገውም፤ መድኃኒቱን በቃሉ ያውቀዋል። ችግሩ ሁሉም ድካሙን ጉሮሮው ላይ ያገኘው መሆኑ ነው። አንዷ ዝንጅብል በማር አፍልታ አመጣችለት። ሌላው ጥሬ እንቁላል በባዶ ሆድ አዘዘለት። ቡና ጠጪዎቹ ጤና አዳም ጨመሩለት፣ ጎረቤቱ ዳማከሴ ጨምቃ አቀረበችለት፣ አጎቱ ጠበል ካልሄድክ አለው። ሰውዬው ጉሮሮው ደኅና ነው፤ የደከመው ከጉሮሮው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ሆኖም ሁሉንም ዋጠ፤ እምቢ ማለት የረሳው ከብዙ ጊዜ በፊት ነውና።

ቀጥለው የመጡት ወጣት መካሪዎች ናቸው። አንዱ በስልኩ ንግግር ከፍቶ አሰማው፦ ስኬታማ ሰዎች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣሉ። አጋፋሪው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው የሚተኛው። «ታዲያ አንድ ሰዓት ይበቃሃል፤ እንቅልፍ ልማድ ነው» ተባለ። ሌላው ጂም ግባ አለው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረውን ሰው መሮጫ ማሽን ላይ ሊያቆመው። የቤቱ ባለቤት በበኩሉ አዛኝ ሰው ነው፤ በየምሽቱ አንድ ኃይል ሰጪ መጠጥ በነፃ እንዲሰጠው አዘዘ። የደከመ ፈረስ በጅራፍ ይፈወሳል ብሎ የሚያምን ሰው ሁልጊዜ ደግ ነኝ ብሎ ያስባል።

«እስቲ ዝም በል፣ ተቀመጥ» ያለው ሰው አንድም አልነበረም። አበው «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ፤ ይህን ተረት ካራኦኬ ቤት ውስጥ መናገር ግን ገበያ መዝጋት ነው። ሰውዬው ዝም የማለት መብቱን ከቤቱ ውጭም አጥቷል። ሠርግ ሲጠራ «አንተማ ታጫውተናለህ» ይባላል። ታክሲ ውስጥ ያወቀው ሰው «እስቲ አንድ ነገር በለን» ይለዋል። ለቅሶ ቤት ሄዶ እንደ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቢቀመጥ «ምነው ከፋህ?» ተባለ።

ነገሩን ይበልጥ አስቂኝ የሚያደርገው የካራኦኬ አፈጣጠር ነው። ጃፓን፣ ኮቤ ከተማ ውስጥ ዳይሱኬ ኢኖዌ የሚባል ሙዚቀኛ ነበር። ሥራው ምሽት ክበብ ውስጥ ለሚዘፍኑ እንግዶች ማጀብ ነው፤ በአጭሩ የእኛው አጋፋሪ ባልደረባ ነው። አንድ ነጋዴ ደንበኛው ወደ ፍል ውኃ ለመዝናናት ሲሄድ «አብረኸኝ ሂድና አጅበኝ» ቢለው ኢኖዌ መሄድ አልቻለም። አጀቡን በቴፕ ቀድቶ ሰጠው፤ ነጋዴውም በቴፑ እየዘፈነ ተደስቶ ተመለሰ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1971 ሳንቲም ሲገባበት የሚያጅብ ማሽን ሠርቶ 11 ያህሉን ለምሽት ቤቶች አከራየ። የባለቤትነት መብቱን ስላላስመዘገበ ሌላው ከበረበት። የደረሰው ነገር ቢኖር እ.ኤ.አ. በ2004 ሰዎች እርስ በርስ መቻቻልን የሚማሩበት አዲስ መንገድ አግኝተሃል ተብሎ ቀልደኛውን የኢግ ኖቤል የሰላም ሽልማት መሸለሙ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ ይህ ማሽን የተወለደው አጃቢው አብሮ መሄድ ስላልቻለ ነው። ሰው ሳያስቸግሩ እንዲዘፈን የተሠራ ነው። እኛ ማሽኑን ከነስክሪኑ ገዛንና ከጎኑ አንድ ሰው አቆምንበት፤ ማሽን ስለማያሞግስ። መቻቻሉንም ለሁላችን አካፍለን በመማር ፈንታ ለአንድ ሰው በደመወዝ ሰጠነው።

አርሊ ሆክሺልድ የምትባል አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ የበረራ አስተናጋጆችን አጥንታ ነበር። ሻንጣ ማንሣቱና ምግብ ማደሉ ብቻ አይደለም የሚያደክማቸው፤ ለሁሉ ሰው ፈገግ ማለት ራሱ የሥራው አካል ሲሆን ፈገግታው የራሳቸው መሆኑ ይቀራል። እኔም የምታዘበው ይህን ነው። አጋፋሪውን ያቃጠለው የዘፈኑ ብዛት አይደለም፤ ውሸቱ ነው። መልስ መስጠት የማይቻልበት ውሸት።

ይህን ለማየት አዝማሪ ቤትን ማስታወስ ይበቃል። አዝማሪ ቤት ገብተው «ተቀበል!» ብለው ግጥም ይወረውራሉ፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜምልዎታል። ግጥሙ የእርስዎ፣ ዜማው የእሱ ነው፤ ማለትም ድምፅ ያለው ሰው ይዘፍናል፣ ሐሳብ ያለው ሐሳብ ያዋጣል። ካራኦኬ ነገሩን ገለበጠው፤ ግጥሙ የስክሪኑ፣ ድምፁ የእንግዳው፣ ጦሱ የጎረቤት። ከሁሉ በላይ ግን አዝማሪ የመሸንቆጥ መብት አለው። ያሞግስዎታል፤ ኪስዎ ሲጠብቅ ግን በሰምና ወርቅ አዙሮ ይነካዎታል፤ ቤቱ ይስቃል፤ እርስዎም ሳይወዱ ስቀው ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፋሉ። የዚያች ምላስ ኃይል ቀላል አልነበረም፤ ፋሺስት ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. አዝማሪን እያሳደደ የገደለው ፈርቶት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሌሊቱን ሲያሞግስ ቢያድርም አይቃጠልም፤ በየመሐሉ ይተነፍሳላ! የእኛ አጋፋሪ ግን «አለቃ፣ ይቺን ዘፈን ለባለቤቷ ብንመልሳትስ?» ቢል በማግስቱ ሥራ የለውም።

ደግሞም አዝማሪው የቀን መቁጠሪያ ነበረው። ጥርና ሚያዝያ የሠርግ ወር ነው፤ ሲጫወት ያድራል። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሠርግ የለም፤ ዘፈን ነውር ይሆናል፤ ማሲንቆ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ማንም ስለ ሥራ ጫና ጥናት አላካሄደም፤ ቤተ ክርስቲያኑም ይህን ያደረገው ለአዝማሪው ጤና አስቦ አይደለም። ግን ጉሮሮም ልብም ያርፋል። ዛሬ ጾሙን ብዙዎቻችን የምንይዘው በምግብ ነው። ካራኦኬ ቤቱም ለጾም ራሱን አዘጋጅቷል፤ ክትፎውን በሽሮ ተክቶ ማይኩን ቀጥሏል።

የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች በ2017 ዓ.ም. ከሰፈሩ ጋር ሲፈርሱ ብዙ ሰው ተቆጭቷል፤ ተገቢም ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ከግድግዳው ይልቅ ያቺ የመሸንቆጥ መብት ነበረች። ግድግዳ ሌላ ቦታ ይሠራል፤ መብቷን ግን ወደ አዳዲሶቹ ቤቶች ይዞ የሄደ ሰው አላየሁም።

«ታዲያ ሥራውን አይተወውም?» የሚል አይጠፋም። መተው ቀላል አይደለም፤ የቤት ኪራይ ዜማ አያውቅም። ግን የተወም አለ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በደርግ ዘመን ሂልተን ሆቴል ለዓመታት የተጫወተ ሰው ነው። ያኔ ሰዓት እላፊ ነበርና ምሽት ክበብ የገባ እንግዳ ሲነጋ ነው የሚወጣው፤ ባንዱም አብሮ ያነጋል። ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ኋላም መድረኩን ትቶ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ግን አልጣለውም። ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ለራሱ ይጫወት ነበር። አጨብጫቢ የለም፣ «ድገመው» የሚል የለም። እ.ኤ.አ. የ1985ቱ ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲያገኘው ጣቶቹ አልሻገቱም ነበር። የእኛ አጋፋሪ ታክሲ ይንዳ ማለቴ አይደለም፤ ቃሊቲ ላይ ታክሲ መንዳት ደግሞ የራሱ መቃጠል አለው። ሙዚቃ የሚወድ ሰው ማንም ሳያየው የሚጫወትበት ሰዓት ያስፈልገዋል ለማለት ነው።

ይህችን ሰዓት አጋፋሪው የሚያገኘው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበር። መብራት ሄደ ሲባል ቤቱ «ኤጭ!» ይላል፤ እሱ ግን ወንበር ስቦ ይቀመጣል። የዓመት ዕረፍቱን በደቂቃ በደቂቃ እየተቀበለ ኖሯል ማለት ነው። ባለፈው ባለቤቱ ጄኔሬተር ገዛ። ሁላችንም አጨበጨብን፤ እሱም አጨበጨበ፣ ሥራው ስለሆነ።

በወረቀት ከሄድንማ ሕግ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። በየሳምንቱ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎትም ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ። ስለ ጆሮም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ቤቶች የድምፅ ጣራ አውጥቷል፤ አማካዩ 100 ዴሲቤል እንዳያልፍ። እንግዳ ሁለት ሰዓት አምሽቶ ይሄዳል፤ ከስፒከሩ ሥር የሚያነጋው ግን አንድ ሰው ነው። አጋፋሪውን «ውል አለህ?» ብለው «አዎ፣ በቃል» ይላል። የሚከፈለው በምሽት ነው፤ ያልመጣበት ምሽት የለም፣ ስለዚህ ያልሠራበትም የለም።

እኔን የሚገርመኝ ይህ የሆነው አቃቂ ቃሊቲ ላይ መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ ሰፈር ሁሉ ፈረቃ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ይህ ሰፈር ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ ምግብ ፋብሪካው፣ የቂሊንጦው ቢራ ጠማቂ ሁሉ ማሽን ያለ ዕረፍት ከሠራ እንደሚሰበር ያውቃል። የጥገና ቀን አለ፤ ያ ቀን ሲደርስ ማንም «አንድ ሰዓት ብቻ ይሥራና ይቁም» ብሎ አይለምንም። ይኸው የፋብሪካ መካኒክ ማታ ካራኦኬ ቤት ሲገባ ግን ሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ «አንዲት ብቻ! በእናትህ አንዲት ብቻ!» የሚለው እሱ ነው።

ስለዚህ ከዝንጅብልና ከእንቁላል በኋላ የእኔንም መድኃኒት ላክልበት፤ ምክር ያልሰጠሁ ጎረቤት ሆኜ እንዳልቀር። አንደኛ፣ ሁለተኛ አጋፋሪ ይቀጠርና በፈረቃ ይሥሩ። ሁለተኛ፣ በየሦስት ዘፈኑ ማሽኑ ብቻውን ያጅብ፤ ለዚያ ነው የተፈጠረው። ሦስተኛ፣ ሙገሳውን እንግዳው ይካፈል፤ ጓደኛዎን ጎትተው ያወጡት እርስዎ ከሆኑ «ኮከባችን» የሚሉትም እርስዎ ይሁኑ። አራተኛው ዋናው ነው፦ አጋፋሪው በምሽት አንዴ እውነቱን እንዲናገር ይፈቀድለት፤ በሰም ሸፍኖም ቢሆን። የተሸነቆጠው ሰው ቢራ ይጋበዝና ይታረቅ። በዚህ የሚቀነስ ገበያ የለም፤ እንዲያውም ማን እንደሚሸነቆጥ ለማየት የሚመጣው ሰው ይበዛል።

ይህን ሁሉ ለቤቱ ባለቤት አንድ ምሽት በትሕትና አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ። በተለይ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት የሚለው ነካው፤ «እውነትህን ነው፣ ልጁ ሰው ነው» አለ። ቃሉንም ጠበቀ። በማግስቱ በሩ ላይ ባነር ተሰቀለ፦ «ማክሰኞ፣ የኤምሲያችን የዕረፍት ምሽት! ባለ ዕረፍቱ በክብር እንግድነት ይገኛል። መግቢያ በነፃ።»

ማክሰኞ ቤቱ ሞላ። ትራንዚተሩ መጣ፣ ሾፌሩ መጣ፣ አለቃው ከነሠራተኞቹ መጣ። ሁሉም ተራ በተራ ማይክ እየያዘ ስለ ዕረፍት ጥቅም ተናገረ፤ አንዳንዱም ለዕረፍቱ መታሰቢያ ዘፈነ። ተራ የሚያስጠብቅ ሰው ስላልነበረ ግርግር ሲበዛ ባለ ዕረፍቱ ከወንበሩ ተነሣና ተራ አስጠበቀ። ኤኮ የሚጨምር ሲጠፋም ኤኮ ጨመረ። ፕሮግራሙ ያለቀው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ባለቤቱ ሒሳቡን ቆጥሮ እጅግ ተደሰተና እዚያው ማይኩን ተቀብሎ አስታወቀ፦ ሕጉ በየሳምንቱ ስለሚል ዕረፍቱ በየሳምንቱ ይቀጥላል።